ጅራታሙን ኮከብ ማን አሰላው?

በ1757 ጁን ወር ሦስት ሰዎች ፓሪስ ውስጥ አንድ ሂሳብ ተካፍለው ጀመሩ። የመጀመሪያው አሌክሲ ክሌሮ ነው፤ በ18 ዓመቱ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል የሆነ፣ በዘመኑ ከነበሩት የአውሮፓ የሂሳብ ሊቃውንት ከፊተኞቹ የሚቆጠር ሰው። ሁለተኛው ዠሮም ላላንድ ገና 25 ዓመት አልሞላውም። ሦስተኛዋ ኒኮል ሬን ለፖት የንጉሡ ሰዓት ሠሪ ባለቤት ናት፤ ባሏ ስለ ሰዓት አሠራር ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለውን የፔንዱለም ርዝመት ሠንጠረዥ ያሰላችው እሷ ነበረች። ሥራቸው ቀነ ገደብ ነበረው፤ ገደቡን የቆረጠው ግን ሰው አልነበረም። በ1682 ታይቶ የሄደ ጅራታም ኮከብ ወደ ፀሐይ እየተመለሰ ስለነበር፣ ከመድረሱ በፊት የሚደርስበትን ቀን ማወቅ ነበረባቸው። ኮከቡ ከቀደማቸው ልፋታቸው ሁሉ ትንቢት መሆኑ ይቀርና የኋላ ወሬ ይሆናል።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት፣ ከመጨረሻው በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮከቡ ይመለሳል ያለው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ ነው። በ1705 ባሳተመው ጥናት በ1531፣ በ1607 እና በ1682 የታዩት ጅራታም ኮከቦች የተጓዙበት መንገድ አንድ ዓይነት መሆኑን አይቶ፣ ሦስት ሳይሆኑ አንድ ናቸው አለ። ነገር ግን የሚያስቸግር ነገር ነበር። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው መምጣት ያለው ጊዜና ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ያለው ጊዜ እኩል አይደሉም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ይለያያሉ። ሃሌይ ጥፋተኛው ጁፒተር ነው ብሎ ጠረጠረ። ግዙፉ ፕላኔት በአጠገቡ የሚያልፈውን ኮከብ በስበቱ ይጎትተዋል፤ አንዴ ያፈጥነዋል፣ አንዴ ያዘገየዋል። ስለዚህ የሚመለሰው በ1758 መጨረሻ ወይም በ1759 መጀመሪያ ነው ብሎ በግምት ተናገረ። ይህን ሳያይ በ1742 ሞተ። ለክሌሮ የቀረለት ግምቱን ወደ ቀን መለወጥ ነው።

ይህ ለምን ከባድ እንደሆነ ካልታየ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ ትርጉም አይኖረውም። አንድ ኮከብና ፀሐይ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ኒውተን መልሱን ሰጥቷል፤ ቀኑን ከቀመር ማውጣት ይቻላል። ጁፒተርና ሳተርን ሲጨመሩ ግን ቀመሩ ጠፋ። የሚታወቀው በእያንዳንዱ ቅጽበት ኮከቡ እንዴት እንደሚጎተት ነው፤ የሚፈለገው ከብዙ ዓመት በኋላ የት እንደሚሆን ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ብለው የሚማሩት ይኸው ነው፤ የለውጡ ፍጥነት ተነግሮህ የሚለወጠውን ነገር ፈልግ ይልሃል።

ለምሳሌ አንድ ስኒ ቡና እንውሰድ። ከጀበናው እንደተቀዳ ሙቀቱ ከክፍሉ አየር በ60 ዲግሪ ይበልጣል እንበል። የሚበርድበት ፍጥነት በደቂቃ፣ በዚያች ቅጽበት ካለው ብልጫ አንድ አስረኛ ይሁን። ከአስር ደቂቃ በኋላ ብልጫው ስንት ነው? ለቡናው ቀመር አለውና ትክክለኛውን መልስ እናውቃለን፤ 22.07 ዲግሪ ነው። ቀመሩን ባናውቅስ? የመጀመሪያው ፍጥነት በደቂቃ 6 ዲግሪ ነው፤ አስር ደቂቃ ሙሉ በዚሁ ፍጥነት እንዲበርድ ብናደርገው ብልጫው ዜሮ ይሆናል። ይህ ስህተት ነው፤ ቡናው እየበረደ ሲሄድ የመብረዱ ፍጥነትም እየቀነሰ እንደሚሄድ ረስተናል። መንገዱን በሁለት ከፍለን አምስት ደቂቃ ሄደን ፍጥነቱን እንደገና ብናሰላ 15 ይወጣል። በየደቂቃው ቆም ብለን አስር ጊዜ ብናሰላ 20.92 ይደርሳል። እርምጃው ሲያጥር መልሱ ይቀርባል፤ ድካሙም በዚያው ልክ ይበዛል። ከዚህ በታች የሚነገረው ታሪክ በመሠረቱ ይህን ድካም እንዴት መቀነስ እንደሚቻል የተደረገ የሁለት መቶ ዓመት ሙግት ነው።

ፓሪሶቹ የነበራቸው ስኒ ቡና አይደለም። የጁፒተርና የሳተርን ርቀት ከኮከቡ፣ እያንዳንዱም በምን ኃይልና በየት አቅጣጫ እንደሚጎትት፣ ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ጉዞ በመንገዱ ላይ ዲግሪ በዲግሪ መቆጠር ነበረበት። ላላንድና ለፖት ይህን ቁጥር ያወጣሉ፤ ክሌሮ ባዘጋጀው መላ ይደመራል። ላላንድ በኋላ እንደጻፈው፣ ስድስት ወር ከጠዋት እስከ ማታ፣ አንዳንዴም ማዕድ ላይ ሳሉ ያሰሉ ነበር፤ በዚህም የተነሳ የያዘው ሕመም ጠባዩን ለዕድሜ ልኩ እንደለወጠው ይናገራል። በዚሁ ጽሑፍ ለፖት ባትኖር ይህን ሥራ ሊደፍረው እንደማይችል መስክሯል። ላላንድ ማጋነን የሚወድ ሰው እንደነበር ይታወቃል፤ ሆኖም ከሥራው ብዛት አንጻር ይህን ምስክርነት የምጠራጠርበት ምክንያት አላገኘሁም።

በኖቬምበር 14 ቀን 1758 ክሌሮ ውጤቱን ለአካዳሚው አነበበ። ኮከቡ ካለፈው ዙሩ 618 ቀን ይዘገያል፤ ከዚህ ውስጥ 518ቱ በጁፒተር፣ 100ው በሳተርን ምክንያት ነው። ለፀሐይ እጅግ የሚቀርበው በ1759 ኤፕሪል አጋማሽ ነው፤ ነገር ግን በጥድፊያ የተጣሉ ትንንሽ ነገሮች ስላሉ አንድ ወር ያህል ሊያሳስት ይችላል አለ። እኔ ከጠቅላላው ትንቢት ይልቅ የማደንቀው ይህን የመጨረሻውን ነገር ነው። የስህተቱን ወሰን ከመልሱ ጋር አብሮ ማስረከብ ያኔ ገና ልማድ አልነበረም።

ኮከቡን መጀመሪያ ያየው በአካዳሚ ያለ ሰው አይደለም። በድሬስደን አቅራቢያ የሚኖር ዮሃን ጌኦርግ ፓሊች የሚባል ገበሬና የሰማይ ተመልካች በ1758 የገና ሌሊት አየው። ፓሪስ ውስጥ ሻርል መሲዬ በጃንዋሪ 21 ቢያገኘውም፣ አለቃው ዮሴፍ ደሊል ለማንም እንዳይናገር ከልክሎት እስከ ኤፕሪል ቆየ። ኮከቡ ለፀሐይ እጅግ የቀረበው ማርች 13 ነው። ክሌሮ የተሳሳተው በአንድ ወር ያህል ነው፤ ልክ እንዳለው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጭቅጭቅ ደስታውን ያህል የሚያስተምር ነው። የሂሳብ ሊቁ ዣን ዳላምቤር አንድ ወርን ከሰባ ስድስት ዓመት ጋር እያነጻጸሩ ስህተቱ ትንሽ ነው ማለት ማታለል ነው አለ። የተሰላው ዙሩ ሁሉ አይደለም፤ የተሰላው የዘገየበት 618 ቀን ነው፤ ስለዚህ ስህተቱ መመዘን ያለበት በሱ ነው። በዚህ ሚዛን አንድ ወር ትንሽ አይደለም። ዳላምቤር ከክሌሮ ጋር የቆየ ቅናት ነበረበት ይባላል፤ ቢሆንም በዚህ ነጥብ ላይ እውነቱ ወደ እሱ ያጋድላል።

ሌላው ጉዳይ የለፖት ስም ነው። ክሌሮ በ1760 የጅራታም ኮከቦችን እንቅስቃሴ የሚመለከት መጽሐፉን ሲያሳትም የእሷን ድርሻ አልጠቀሰም። ላላንድ ከብዙ ዓመት በኋላ ምክንያቱን ጽፏል፤ በለፖት ላይ የምትቀና፣ ክሌሮ የሚፈልጋት ሌላ ሴት ስለነበረች እሷን ለማስደሰት ሰረዘው ይላል። ይህ የአንድ ወገን ቃል ነው፤ የክሌሮን መልስ አላየንም። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ መሰረዙ ግን በታተመው መጽሐፍ ላይ የሚታይ ነው። ለፖት ሥራዋን አልተወችም፤ ለኤፕሪል 1 ቀን 1764 የፀሐይ ግርዶሽ ለአውሮፓ ካርታ አዘጋጅታለች፣ የአካዳሚውን የሰማይ ሠንጠረዥ ዓመታዊ መጽሐፍ ለማሰናዳትም ለዓመታት ደክማለች። በ1788 ዓረፈች። ዛሬ በጨረቃ ላይ በስሟ የሚጠራ ጉድጓድ አለ።

የዘዴው ስም ግን ለሌላ ሰው ሄደ። ሊዮናርድ ኦይለር በ1768 በሴንት ፒተርስበርግ ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንን በግምት ስለመፍታት አንድ ምዕራፍ አለ። እኛ በስኒ ቡናው ያደረግነውን ያህል ግልጽ አድርጎ ይነግረናል፦ ጊዜውን ወደ ጥቃቅን ቁርጥራጭ ክፈል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ ፍጥነቱ አይለወጥም ብለህ ያዝ፤ ከአንዱ መጨረሻ ሌላውን ጀምር። በየእርምጃው የሚፈጠረው ትንሽ ስህተት እየተጠራቀመ እንደሚሄድም ያስጠነቅቃል፤ ለማሻሻልም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የለውጥ ደረጃ መጨመርን ያሳያል። ኦይለር ያኔ ዓይነ ስውር ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ዛሬ የማስተማሪያ መጽሐፍ ሁሉ «የኦይለር ዘዴ» የሚለው ይህንን ነው። እርግጥ የፓሪሶቹ ሥራ ከሱ ጋር አንድ አይደለም፤ እነሱ የደመሩት የመንገድ መዛባትን ነበር፣ ኦይለር ግን ለማንኛውም እኩልታ የሚሆን ጠቅላላ ሥርዓት አስቀመጠ። ይህን ልዩነት ማንሳት ተገቢ ነው። ግን ቀመር ሲያልቅ ቁጥርን በቁራጭ መደመር ከኦይለር ብዕር የመነጨ ሐሳብ አልነበረም።

እርምጃው እያጠረ ሲሄድ መልሱ በእርግጥ ወደ እውነቱ ይደርሳል ወይ የሚለውን ያረጋገጠው ኦይለር አይደለም። ኦገስተን ሉዊ ኮሺ በ1820ዎቹ ፓሪስ በሚገኘው ኤኮል ፖሊቴክኒክ ለተማሪዎቹ ባስተማረው ትምህርት አረጋገጠው። ትምህርቱ ለሕትመት ተጀምሮ ተቋረጠ፤ የተረፈው ቁራጭ ለአንባቢ በመጽሐፍ መልክ የወጣው በ1981 ነው። መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ማለት ነው።

ቀጣዩ ትልቅ ነገር የመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከባዜቃ ጠብታ ነው። በ1843 በካምብሪጅ የሂሳብ ፈተና አንደኛ የወጣው ጆን ካውች አዳምስ ነበር፤ ሁለተኛ የወጣው ፍራንሲስ ባሽፎርዝ። አዳምስ በሁለት ዓመት ውስጥ ገና ያልታየችውን ፕላኔት ኔፕቱን በስሌት ሲፈልግ፣ ስሌቱን አላሳተመም፤ ፈረንሳዊው ሌቬሪየ ግን አሳተመ፣ በሴፕቴምበር 23 ቀን 1846 በርሊን ላይ ፕላኔቷ የተገኘችውም በሌቬሪየ መመሪያ ነው። የአዳምስ ጠባይ እንዲህ ነበር፤ ያስባል፣ ያሰላል፣ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል።

ባሽፎርዝ ቄስም የመድፈኞች የሂሳብ መምህርም ሆነ። የመድፍ ጥይት ፍጥነት የሚለካበት መሣሪያ ሠርቷል። ወጣት ሳለ ግን የተጠመደበት ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ጠፍጣፋ ነገር ላይ የተቀመጠ የባዜቃ ጠብታ ቅርፁ ምን ያህል ከንድፈ ሐሳቡ ጋር ይስማማል? የቅርፁ እኩልታ አለ፤ መፍትሔው ግን በቀመር አይወጣም። ጠብታውን በትክክል ቢለካውም የሚያወዳድርበት ቁጥር አጣ። አዳምስ ያወጣለት መላ በ1883 በካምብሪጅ በታተመው የባሽፎርዝ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ባሽፎርዝ ዘዴው የአዳምስ እንደሆነ በታማኝነት ጽፏል፤ ከታተመበት ጊዜም ከሃያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በእጃቸው ነበር።

መላው እንዲህ ነው። ኦይለር በየእርምጃው ያለፈውን ፍጥነት ይጥለዋል። አዳምስ ለምን ይጣላል አለ። ቡናው በመጀመሪያ በደቂቃ 6 ዲግሪ ይበርድ ነበር፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ብልጫው 54.29፣ ፍጥነቱ 5.43 ነው። ፍጥነቱ እየቀነሰ መሆኑን ከሁለቱ ቁጥሮች እናያለን፤ እንግዲያው የአሁኑን በአንድ ተኩል አባዝተን የቀድሞውን ግማሽ ብንቀንስ፣ ለሚቀጥለው ደቂቃ የሚሆን የተሻለ ፍጥነት እናገኛለን፤ 5.14 ይሆናል። ብልጫው 49.15 ነው። እውነተኛው 49.12 ነው፤ የኦይለር ግን 48.86 ላይ ይጥለናል። አዲስ የተሰላ ፍጥነት አልተጨመረም። ባለው ነው በጥበብ የተጠቀመው። አዳምስ ከሁለት ብቻ ሳይሆን ከሦስት፣ ከአራትና ከዚያም በላይ ካለፉ እርምጃዎች የሚሠራበትን መላ አውጥቷል፤ ዛሬ «አዳምስ–ባሽፎርዝ» ይባላል።

እዚህ ላይ የስሞቹ ነገር እንደገና ይመጣል። ሁለተኛ ዓይነት የአዳምስ ቀመር አለ፤ የሚቀጥለውን እርምጃ ፍጥነት ራሱን እንደ ያልታወቀ ነገር የሚያስገባ፣ ስለዚህ መልሱን ለማግኘት ደጋግሞ ማረም የሚጠይቅ። ይህም በ1883ቱ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ሆኖም የሚጠራው «አዳምስ–ሞልተን» ተብሎ ነው። ፎረስት ሬይ ሞልተን አሜሪካዊ የሰማይ ሂሳብ ሊቅ ነው፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወቅት ለአሜሪካ ጦር የመድፍ ሠንጠረዥ አሠራርን ወደ ቁጥር ስሌት የለወጠ ነው። በ1926 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱን የአዳምስ ቀመሮች አጣምሮ በአንዱ መገመት በሌላው ማረም የሚቻልበትን መንገድ አሳየ። ማጣመሩ የሱ ነው፤ ቀመሩ ግን የአዳምስ ነው። አንዱን ስም ብንሰርዝ የሚሰረዘው የትኛው እንደሆነ መዝገቡ አያከራክርም።

በጀርመን አገር ሌላ መንገድ ተከፈተ። ካርል ሩንገ በሃኖቨር የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ ሌት ተቀን የሚያስጨንቀው የብርሃን መስመር ልኬት ነው፤ ስለዚህ ቁጥር ማጣራት ለሱ እንጀራው ነበር። በ1895 ያሳተመው ጽሑፍ የሚለው፦ ወደ ኋላ አትመልከት፤ ወደ ፊት ግማሽ እርምጃ ሂድና እዚያ ያለውን ፍጥነት ለካ፤ ከዚያ ተመለስና ሙሉ እርምጃውን በዚያ ፍጥነት ሂድ። በ1900 ካርል ሆይን የሩንገን ሐሳብ አሰፋው። በ1901 በሙኒክ የነበረው ማርቲን ቪልሄልም ኩታ አራት ፍጥነት ለክቶ የሚቀላቅለውን ቀመር አወጣ፤ አንዱን ከመነሻው፣ ሁለቱን ከመካከል፣ አንዱን ከመድረሻው። የመካከሎቹ እጥፍ ይመዘናሉ፤ ድምሩ ለስድስት ይካፈላል።

ወደ ቡናችን እንመለስና እኩል ድካም እንስጣቸው፤ ለአስር ደቂቃው ሁሉም አራት ፍጥነት ብቻ እንዲያሰሉ እንፍቀድላቸው። የኦይለር አራት እርምጃ 18.98 ይሰጣል። የሩንገ የግማሽ እርምጃ መላ በሁለት እርምጃ 23.44 ይሰጣል። ኩታ በአንድ ታላቅ እርምጃ፣ አስሩን ደቂቃ በአንድ ጊዜ ዘሎ፣ 22.5 ይደርሳል። እውነተኛው 22.07 መሆኑን እናስታውስ። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ተማሪና መሐንዲስ ከኩታ ቀመር ያልተለየው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሙ «ሩንገ–ኩታ» ሆኖ ቀረ፤ በመካከላቸው ያለው ሆይን ወደቀ፤ ስሙ በአንዲት ትንሽ ቀመር ላይ ብቻ ተረፈ። የኩታም ሥራ እንከን አልባ አልነበረም። ከአራቱ አልፎ የላቀ ትክክለኛነት ያላቸው ብሎ ያቀረባቸው ቀመሮች ውስጥ የሂሳብ ስህተት ነበረ፤ ፊንላንዳዊው ኤቨርት ኒስትሮም በ1925 እስኪያርመው ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ። ኩታ ራሱ ከዚህ ሥራ ይልቅ በአውሮፕላን ክንፍ ንድፈ ሐሳቡ ይታወቃል፤ ሩንገ ደግሞ በ1904 ወደ ጎቲንገን ተዛውሮ የተግባራዊ ሂሳብ ፕሮፌሰር ሆነ።

እስካሁን የነገርኩት ሁሉ በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራ ነው። የእጅ ድካሙ የተሰበረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የመድፍ ጥይት በረራ ከአየር ግጭት ጋር ሲታይ ቀመር የለውም፤ አንድ የጥይት መንገድ በባለ ቁልፍ የሂሳብ ማሽን ለማስላት አንድ ሰው ከሃያ ሰዓት የማያንስ ይፈጅበት ነበር፤ ለአንድ የመድፍ ዓይነት ደግሞ መንገዱ በብዙ ሺህ ይቆጠራል። ፊላደልፊያ ውስጥ ይህን ይሠሩ የነበሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ የሥራ መጠሪያቸውም «ኮምፒውተር» ነበር። ያኔ ቃሉ የሰው እንጂ የማሽን ስም አልነበረም። ሥራውን ለማፋጠን የተሠራው ኤኒያክ የተባለው ማሽን ከእነዚያ ሴቶች ስድስቱን ተቀበለ፦ ኬይ ማክነልቲ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ቤቲ ጂን ጄኒንግስ፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራን ቢላስና ሩት ሊክተርማን። ማሽኑ በፌብሩዋሪ 1946 ለሕዝብ በቀረበበት ጊዜ አንድ የጥይት መንገድ አሰላ። ጥይቱ ዒላማው ዘንድ ለመድረስ 30 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ኤኒያክ 20 ሴኮንድ ፈጀበት። ጥይቱ ገና በአየር ላይ ሳለ የት እንደሚወድቅ ታወቀ። ትርኢቱን ያሰናዱት ሴቶች በዚያ ምሽት ለተዘጋጀው የክብር እራት አልተጋበዙም። ከለፖት እስከነሱ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

ማሽኑ ፈጣን ሲሆን አዲስ ጣጣ መጣ። ፈጣን ማሽን ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ረጅም መንገድ ላይ ደግሞ ስህተት ከመጠራቀም አልፎ ይፈነዳል። ይህንንም ስኒው ያሳየናል። ከኦይለር ጋር በአንድ ጊዜ 25 ደቂቃ እንዝለል፤ በደቂቃ 6 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ 150 ነው፤ 60 ሲቀነስ 150፣ ቡናው ከክፍሉ በ90 ዲግሪ ይቀዘቅዛል ይለናል። በሚቀጥለው እርምጃ ወደ 135 ይዘላል፤ ከዚያ ወደ 202.5 ዝቅ፤ እንዲህ እያለ ይወዛወዛል፣ እያደገ ይሄዳል። ቡናው ዝም ብሎ እየበረደ ነው፤ ያበደው ሂሳቡ ነው። በ1952 ቻርልስ ከርቲስና ጆሴፍ ሂርሽፌልደር የተባሉ አሜሪካውያን የኬሚስትሪ ሊቃውንት በኬሚካዊ ውህደት ስሌት ውስጥ ይህ መከሰቱን አይተው እንደነዚህ ያሉ እኩልታዎችን «ግትር» አሏቸው። አንዱ ክፍል በቅጽበት ሲያልቅ ሌላው ክፍል ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ማሽኑን በፈጣኑ ልክ ትንሽ ትንሽ እንዲራመድ የሚያስገድድ እኩልታ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ይመስላል፤ የእርምጃውን መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ያለውን ፍጥነት ተጠቀም። ቡናው ላይ ብንሞክረው ለ25 ደቂቃው 17.14 ይወጣል። እውነተኛው 4.93 ነው፤ ሻካራ መልስ ነው፣ ግን አላበደም፣ እርምጃው ምንም ያህል ቢረዝም አያብድም። እንግዲያው ከእንዲህ ያለ ጽናት ጋር ከፍተኛ ትክክለኛነትን ማጣመር ይቻላል? ስዊድናዊው ጌርሙንድ ዳልክቪስት በ1963 የሰጠው መልስ አሳዛኝ ነበር፤ የአዳምስ ዘዴ በሚገኝበት ቤተሰብ ውስጥ፣ በምንም ያህል ርዝመት እርምጃ የማያብድ ዘዴ ከሁለተኛ ደረጃ ትክክለኛነት (እርምጃው ሲጋመስ ስህተቱ ወደ ሩብ ከሚወርድበት) ማለፍ አይችልም። ይህ የማሽን ጉድለት ወይም የሰው ስንፍና አይደለም፤ ማስረጃ የተሰጠበት ግድግዳ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘዴ የሚሠሩ ሰዎች ጥያቄያቸው «ምርጡ ዘዴ የቱ ነው» መሆኑ ቀርቶ «ለየትኛው እኩልታ የቱን ላጣ» ወደሚለው ተዛወረ።

ወደ ኮከቡ ልመለስ። በ1835 ተመልሶ መጣ፤ ከዚያ ቀጣዩ መምጫው በ1910 ነበር። ከግሪንዊች ታዛቢ ጣቢያ ፊሊፕ ኮዌልና አንድሩ ክሮምሊን ከ1759 ጀምሮ ያለውን ጉዞ እርምጃ በእርምጃ አሰሉት፤ በክሌሮ ጊዜ ያልታወቁትን ዩራነስንና ኔፕቱንን ጨምረው። ለፀሐይ የሚቀርበው ኤፕሪል 17 ነው አሉ፤ የቀረበው ኤፕሪል 20 ነው። ሦስት ቀን። ሂሳባቸውን ደግመው ደጋግመው መረመሩት፤ ሦስቱን ቀን የሚያህል ስህተት አላገኙም። ትክክል ነበሩ። በ1950 ፍሬድ ዊፕል ጅራታም ኮከብ በረዶና አቧራ የተቀላቀለበት ጓል መሆኑን፣ ለፀሐይ ሲቀርብ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ እንደ ሮኬት ኮከቡን እንደሚገፋው አስረዳ። ስለዚህ በ1910 የጠፋው ከእርምጃው ሳይሆን ከእኩልታው ነው፤ ያልተጻፈ ኃይል ነበር። የክሌሮ አንድ ወር ደግሞ ሁለቱም ተቀላቅለውበት ነበር፤ የተጣሉ ጥቃቅን ነገሮች፣ ያልታወቁ ፕላኔቶች፣ ከዚያም ይህ ግፊት። እያንዳንዱ ስንት ቀን እንደወሰደ ለይቶ ለመንገር ያኔ የሚችል ሰው አልነበረም።

በ1981 ዶናልድ ዮማንስና ታኦ ኪያንግ ያንን ግፊት በእኩልታው ውስጥ አስገብተው፣ በኮምፒውተር ጉዞውን ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ 1404 ድረስ ወደ ኋላ አሰሉት። ኮከቡ በ1986 ሲመለስ ጂዮቶ የተባለው የአውሮፓ መንኮራኩር በ600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በአጠገቡ አለፈ። ለፀሐይ እጅግ የሚቀርብበት ቀጣዩ ቀን ጁላይ 28 ቀን 2061 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 21 ቀን 2053 ዓ.ም.።